ማክሰኞ በቀኝ፣ ሐሙስ በግራ

ሳንቲጊ ካርግቦ ሰው አያምንም። አጠገቡ የምትተኛ ድመት እንኳ ስታንኮራፋ እያስመሰለች ነው ብሎ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ያድራል ይባላል።

ፍሪታውን፣ ሉምሊ ባሕር ዳር፣ አሸዋው ላይ በክራንች የሚጫወተውን የእግር ኳስ ክለብ ያቋቋመው እሱ ነው። ተጫዋቹ ሁሉ ባለ አንድ እግር ነው፤ በረኛው ደግሞ ባለ አንድ እጅ። የተቆረጠው ክንድ ከሸሚዙ ስር ይገባል፤ ኳስ ከነካ ቅጣት ነው። ከተማው "ጎዶሎ" ሲለው የኖረውን ሳንቲጊን "ካፒቴን" ብሎ የሚጠራው ይህ አሸዋ ብቻ ነው። ስለዚህ ክለቡ ከሚታገድበት የቀረችው እግሩ ብትቆረጥ ይመርጣል።

ታዲያ ቅዳሜ ከኬኔማ ከተማ ክለብ ጋር ግጥሚያ አለ። ማክሰኞ ልምምድ ላይ አዲሱ በረኛ አሉሲኔ አንዲት ኳስ በቀኝ እጁ ከአየር ላይ ቀለበ፤ ኳሷ ስትመጣ ነፋሷ የሦስት ተመልካቾች ኮፍያ ይዞ ሄዷል። ሐሙስ ያችኑ የመሰለች ኳስ ያዘ። በግራ እጁ።

ሳንቲጊ ክራንቹን ተደግፎ አሰበ። ቀኝ፣ ግራ። በጣቱ ቆጠረ፤ ሁለት ሆነበት። ሁለት እጅ ያለው በረኛ ማሰለፉን ኬኔማዎች ከደረሱበት ክለቡ አበቃለት። አጥቂውን ቦካሪን ጠርቶ አንሾካሾከ። ቦካሪ የበረኛውን እጅ ልብ አላለም፤ ግን ሰውየው ማክሰኞ የካሳቫ ቅጠል ወጥ ሁለት ሳህን ጠርጎ፣ ሐሙስ "ካሳቫ አልወድም" ማለቱ ገርሞታል።

ሳንቲጊ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ሜዳውን በሦስት ዝላይ አቋርጦ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የበረኛውን ሸሚዝ እስከ አንገቱ ገለጠው።

ከስሩ የወጣው ከክርን በላይ የተቆረጠ ቀኝ ክንድ ነው። ማንም አልሳቀም።

"ሱሪውስ፣ ካፒቴን? ወይስ እሱ ለነገ ነው?" አለ በረኛው።

ሳንቲጊ አሁንም አላመነም። "ማክሰኞ የያዝክበት ቀኝ እጅ ታዲያ የት ገባ?"

"እዚህ አለ" የሚል ድምፅ አሸዋው ላይ ከተደፋች ጀልባ ኋላ መጣ። ያው ፊት፣ ያው ቁመት ብቅ አለ። ይሄኛው ቀኝ እጅ አለው፤ ግራ የለውም።

ሳንቲጊ ግንባሩን መታ። በዚህ አገር አሉሲኔ የሚባል ሰው ብቻውን አይወለድም፤ መንታ ነው፣ የመንታውም ስም አልሃሰን ነው። ሕፃን የሚያውቀውን ነገር፣ ሁሉን የሚጠረጥረው ሳንቲጊ አንድ ቀን እንኳ "ወንድምህስ?" ብሎ አልጠየቀም።

መንትዮቹ አስረዱ። አንዱ በሚኒባስ ቀኝ መስኮት፣ ሌላው በግራ እጃቸውን አውጥተው ሲሄዱ፣ ጠባብ ድልድይ ከሁለቱም ወገን ቀረጡን ወሰደ። አሉሲኔ ክለቡን ሊጠይቅ ሲመጣ ሳንቲጊ የበረኛ ቦታ አንድ ብቻ ነው ስላለው፣ በእሱ ስም ተመዘገበና ሁለቱ ተራ በተራ ገቡበት። አንዱ ሌላውን ቤት ጥሎ መምጣት አልሆነለትም።

"ከእንግዲህ ወይ ሁለታችንም፣ ወይ ማናችንም" አለ ከጀልባው ኋላ የመጣው አሉሲኔ።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱም የግጥሚያውን የስም ዝርዝር የሚቀበለው ጸሐፊ ዘንድ ሄዱ። ጸሐፊው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ያመጡበት መስሎት ጎን ለጎን አቆማቸው፤ መነጽሩንም ሦስት ጊዜ ጠረገ። በመጨረሻ ዝርዝሩ ከአሥራ ሁለት ስም እንደማያልፍ፣ አንድ ከተጨመረ አንድ እንደሚሰረዝ ነገራቸው። ሳንቲጊ እስክሪብቶውን ይዞ ወረቀቱ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ የራሱን ስም ሰረዘ።

ከሐሙስ ጀምሮ ያኮረፈው አልሃሰን ጎንበስ ብሎ አየ።

"ይሄ ይቅርታ ከሆነ፣ ካፒቴን፣ በወረቀት አልቀበልም። ሸሚዜን ስትገልጥ ሰው ነበር።"

ከሰዓት በኋላ ሳንቲጊ ክለቡን አሸዋው ላይ ሰበሰበ። ቃሉ ከጉሮሮው እስኪወጣ ባሕሩ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ጎደለ ይላሉ፤ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ናቸውና ግማሹን ቀንሱለት። ብቻ ወጣ።

"አልሃሰን፣ በሰው ፊት አዋረድኩህ። በድያለሁ።"

አልሃሰን ባዶ እጅጌውን ሸሚዙ ውስጥ ከተተና ወደ ግቡ ሄደ።

"ምቱ እንግዲህ" አለ።