ያልማለው ሰው መዝገብ

ሂዳያን ለመጠየቅ ሽማግሌ የመጣው እሑድ ነበር። ሦስት ሰዎች ናቸው የመጡት፤ ሁለቱ ከምርቃት ሌላ ነገር ከአፋቸው የማይወጣ ደጋጎች፣ ሦስተኛው የባድሩ አያት አያ ጠሃ። ባድሩ ያው ልጅቱን የሚፈልጋት ነው። አያ ጠሃ ክፉ ሰው አይደለም። ዘር ሳይቆጥር ግን ዶሮ እንኳ አይገዛም እያሉ ያሙታል፤ እሱም ሲታማ ደስ ይለዋል። ልጅቱን አመሰገነ፣ ቤቱን አመሰገነ፣ የእናቲቱን የሙጂባን ሙያ አመሰገነ፤ አመስግኖ አመስግኖ መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ሙጂባ ልጄ፣ አንቺን የሚነቅፍ የለም። አባትሽ ግን የበሬ ነገር ነበረበት። ነገ የሚወለደው ልጅ የሌባ ዘር እንዳይባል፣ መልስ ካላችሁ ቅዳሜ መጥተን እንሰማለን። ከሌላችሁ በዚሁ ይብቃን።”

ሙጂባ ምን ትበል? ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ቤት መልስ የሚሰጥ ካለ እሷው ናት። እሷ ደግሞ መልሱን አታውቀውም።

ነገሩ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ያኔ ሙጂባ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። የአንድ ጎረቤት በሬ በሌሊት ጠፋና አገሩ ለአውጫጭኝ ተሰበሰበ። በአውጫጭኝ ሰፈርተኛው በሙሉ ዋርካ ሥር ይቀመጥና እስላሙ በቁርኣን፣ ክርስቲያኑ በወንጌል፣ የዋልኩበትን ያደርኩበትን አልደብቅም እያለ በየተራ ይምላል። ሁሉም ማለ። የሙጂባ አባት ሙአዊያ ተራው ሲደርስ ግን በሬውን አልነካሁም፣ ግን አልምልም ብሎ ቁጭ አለ። ጎሕ ሲቀድ እግሩ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከሐይቅ መንገድ ሲመለስ ያዩት ሰዎችም ነበሩ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እውነት ያለው ይምላል፣ ያልማለ ሰርቋል፤ አገሩ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። በሳምንቱ ፖሊስ ከሐይቅ ገበያ ይዞ ወሰደው። ከስምንት ወር በኋላ ከስቶ መጣ። “ለቀቁኝ” ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም፤ ሰዉም ቅጣቱን አቅልለውለት ነው ብሎ ዘጋው። አምና ሲሞት ቀባሪው ብዙ ነበር። ከቀብር ሲመለሱ ግን ሁለት ሰዎች ስለዚያ በሬ ሲያወሩ ሙጂባ በጆሮዋ ሰምታለች።

መላውን ያመጣችው ሂዳያ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ስለሆነች ወረቀት አትፈራም። “እማ፣ ክስ ከነበረ ፍርድ አለ፤ ፍርድ ካለ ወረቀት አለ” አለቻት።

ሙጂባ ሁለት ቀን አልተኛችም። ወረቀቱ ሌባ ነው ቢልስ? እስካሁን ቢያንስ ‘ምናልባት’ የምትል ነገር ነበረቻት፤ ሰው ባማው ቁጥር እሷን ይዛ ነው የኖረችው። ማኅተም የተመታበት ወረቀት ደግሞ ‘ምናልባት’ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን የልጇ ፊት ሲጠቁር አየችና ነጠላዋን ደርባ ወጣች።

የሄደችው ሐይቅ ነው። አባቷ የተያዘው ሐይቅ ገበያ፣ ስለዚህ መዝገቡም ሐይቅ፤ ይኼ እኮ ለማንም ሰው ግልጽ ነው። ከመንደሯ ውጫሌ ድረስ በእግሯ ወረደች፣ ከውጫሌ ሚኒባስ ተሳፍራ ሐይቅ ገባች፣ ፍርድ ቤቱን ጠያይቃ አገኘች። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች፤ ግማሽ ቀን ስትፈልግላት ዋለች። በኋላ ብዕሯን አስቀምጣ፣ እናቴ፣ በሬው የጠፋው የት ነው አለቻት። አምባሰል ነዋ! ሰው የሚከሰሰው ወንጀሉ ተሠራ በተባለበት አገር እንጂ በተያዘበት ገበያ እንዳልሆነ ያኔ ተነገራት፤ የአምባሰል ፍርድ ቤት ወዳለበት ውጫሌ መሄድ ነበረባት። ለካ ሙጂባ መዝገቡን በሚኒባስ አልፋው ነው ሐይቅ የወረደችው። ብስጭቷ ወደ ሳቅ ዞረና እየሳቀች ወጣች።

ሐሙስ ውጫሌ ነበረች። መዝገብ ቤቱን የሚጠብቀው ታረቀኝ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ሲራመድም ሲናገርም አይቸኩልም። የመዝገብ ቁጥር ጠየቃት፤ የላትም። እሺ ዓመቱስ? በረዶ ማሽላውን የጨረሰ ዓመት ነው አለችው። ታረቀኝ ከት ብሎ ሳቀና፣ በረዶ ማሽላ ያልጨረሰበትን ዓመት ብትነግሪኝ ይቀለኝ ነበር አላት። እንደዚያ እየተባባሉ፣ ስንተኛ ክፍል ነበርሽ፣ ታናሽሽ ተወልዶ ነበር ወይ እያለ አንድ በአንድ ሲያስቆጥራት ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ደረሱ። ከዚያ ጠርዙ በተበላ ትልቅ ባሕር መዝገብ ላይ በጣቱ ስም በስም ወረደ። ዐቃቤ ሕግ ከሳሽ፣ ሙአዊያ ተከሳሽ የሚል መስመር ላይ ሲቆም ሙጂባ ጠረጴዛውን ያዘች፤ ታረቀኝ ወንበር ሰጣት።

ቁጥሩ ተገኘ ማለት ግን መዝገቡ ተገኘ ማለት አይደለም። ታረቀኝ በር ላይ ካሉት ራፖር ጻፊዎች ዘንድ ሄዳ ማመልከቻ እንድታስጽፍ ላካት። የተከሳሹ ልጅ መሆኗን ባትጽፍ ይከለክሏት እንደሆነ ብትጠይቀው፣ ፍርድ ሰው እያየ የሚነበብ ስለሆነ ማንም አመልክቶ ግልባጭ ሊወስድ እንደሚችል አስረዳት። ሙጂባ ይህ በጣም ገረማት። እስከ ዛሬ ማንም ወርዶ ሊያየው ይችል ነበር፤ ማንም አልወረደም። እሷም አልወረደችም።

ሬጅስትራሩ ማመልከቻው ላይ ፈረመበት። ውሳኔ ያገኙ የድሮ መዝገቦች ደግሞ በሲባጎ ታስረው ጓዳ ውስጥ እስከ ጣራ የተቆለሉ ናቸውና ታረቀኝ ያን ቀን አቧራ ሲቅም አምሽቶ አላገኘውም። አብሽሪ፣ ነገ በጠዋት ነይ ብሎ ሸኛት።

ዓርብ ጠዋት ስትደርስ የመዝገቡ አቃፊ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጽሕፈቱ የእጅ ስለሆነ ታረቀኝ ራሱ አነበበላት። መጀመሪያ ክሱን፣ ቀጥሎ አየነው ያሉትን ምስክሮች ቃል፤ የጭቃው ነገር፣ ያለመማሉ ነገር ሁሉ አለበት። ሙጂባ መሬት መሬቱን እያየች ሰማች። ከዚያ ታረቀኝ ገጽ ገለጠና ድምፁን ዝግ አደረገ።

“ተከሳሹ የመከላከያ ምስክር አለህ ወይ ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ የለኝም ብሏል። በመጨረሻው ቀጠሮ ግን ዕድሜዋ አሥራ አራት የሆነ ተሾመች ሽታው የተባለች ልጅ ማንም ሳይጠራት ቀርባ፣ በሬው ጠፋ በተባለበት ሌሊት ያለ ፈቃዷ ልትዳር ከነበረበት ቤት ሸሽታ ማሽላ ውስጥ ተደብቃ ሳለ ተከሳሹ አግኝቷት፣ ሐይቅ አክስቷ ቤት ድረስ በእግር እንዳደረሳት መስክራለች። አክስቷም ይህንኑ አረጋግጣለች። ተከሳሹ ይህ እውነት ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ‘እንግዲህ እሷ ከተናገረች ምን ይደረጋል’ ሲል መልሷል። ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን በነጻ አሰናብቷል።”

ሙጂባ አለቀሰች። ዓይኗ ብቻ አይደለም፤ ትከሻዋም ደረቷም አለቀሰ። ታረቀኝ መነጽሩን አውልቆ በመስኮት ማየት ያዘ። ደስታ ነበር፣ ኩራትም ነበር፤ ከሥሩ ግን አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ፣ እሱን ያኔ ስም አላወጣችለትም። አባቷ ዋርካው ሥር ያልማለበት ነገር አሁን ገባት። ያደርኩበትን አልደብቅም ብሎ ከማለ መናገር አለበት፤ ልጅቱን የሚፈልጓት ሰዎች ደግሞ እዚያው ክብ ውስጥ ተቀምጠው እየሰሙ ነው።

ግልባጩ ተነሥቶ ማኅተም ተመታበትና በእጇ ገባ። የአያ ጠሃ አፍ የሚዘጋበት ወረቀት ይኸው! ግን ውጫሌ መናኸሪያ ሳትደርስ እግሯ ቆመ። ይህ ወረቀት ነገ ቢነበብ የተሾመች ስምም አብሮ ይነበባል። አባቷ ስምንት ወር ታስሮ ለዳኛ እንኳ ያልሰጠውን ስም እሷ በአንድ ቅዳሜ ለሽማግሌ ልታድለው ነው? ደግሞ ካላነበበችው ሂዳያ ባድሩን ታጣለች፤ ልጅቱ ደግሞ ትወደዋለች። ሙጂባ እዚያው ቆማ አሰበችና ወደ ሐይቅ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች።

ተሾመች ሽታውን ማግኘት ከመዝገቡ ይልቅ ቀለለ። የባጃጁ ነጂ ስሙን ሲሰማ፣ የአሳ ቤቷ ተሾመች ብሎ በቀጥታ ወሰዳት። ሐይቁ ዳር ቆርቆሮ የለበሰች አሳ መጥበሻ ቤት ናት፤ ተሾመችም እጅጌዋን ሰብስባ አሳ የምትልጥ፣ ሞላ ያለች፣ ዓይነ ደማቅ ሴት። ሙጂባን ገና ከበር ስታያት ቢላዋውን አስቀመጠች።

“የሙአዊያ ልጅ ነሽ” አለች። “ግንባርሽ የሱ ነው።”

አስቀመጠቻት፣ አሳ አቀረበችላት፣ ስለ እሱ ታወራላት ጀመር። ለካ ሙአዊያ የሐይቅ ገበያ በቆመ ቁጥር ወደዚህ ቤት ጎራ ይል ኖሯል። ሥጋ ቢሆን በእስላምና በክርስቲያን ይለያይ ነበር፤ አሳ ግን አራጅ አይጠይቅም፣ አብረው ይበሉ ነበር። ልጆቿን ስም በስም ያውቃቸዋል። የሸሸችው ሰውዬ ጠመንጃ የያዘ ጨካኝ ነበር፣ ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ከወንድሞቿም ታርቃለች። ማን እንዳሻገራት ግን ከፍርድ ቤቱ በቀር ለማንም አልተናገረችም፤ ሙአዊያ ዝም በይ ብሏት ነበርና። ይህን ሁሉ እያወራች ሳለ ሙጂባ ወረቀቱን አወጣችና ነገ ስለሚመጡት ሽማግሌዎች ነገረቻት፤ ስምሽ አለበትና ሳልጠይቅሽ አላነበውም አለቻት።

ተሾመች ወረቀቱን አልነካችውም። “ቆይ” አለች። “ሌባ የሚሉት እስካሁን ነው?”

“እስካሁን ነው። ሲቀበርም ሲያሙት ነበር።”

“እኔ በመጣ ቁጥር እጠይቀው ነበር እኮ። ‘አገሩ ምን ይላል፣ ዛሬም ይሰድቡሃል ወይ?’ እለዋለሁ። ‘ኧረ ረስተውታል! እንኳን በሬውን ባለቤቱንም ረስተውታል’ ይለኝና ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያስቀኝ ኖረ።”

ምጣድ ላይ የነበረው አሳ አረረ፤ ደንበኞቹም ገብቷቸው ነው መሰል አልጮኹም። በመጨረሻ ተሾመች እጇን ታጥባ፣ ሽማግሌዎቹ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ ብቻ ጠየቀቻት።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሲገቡ ተሾመች ከሙጂባ ጎን ተቀምጣ ነበር። አያ ጠሃ ይህች ክርስቲያን ሴት ከየት መጣች በሚል ዓይን አያት እንጂ አልጠየቀም። ሙጂባ ወረቀቱን መሶቡ ላይ አስቀመጠችው። ማንበብ አላስፈለገም፤ ተሾመች ራሷ ተናገረች። የማሽላውን እርሻ፣ ዝናቡን፣ ወንዙን በትከሻው እንዴት እንዳሻገራት፣ አክስቷ በር ላይ ሲያደርሳት “እኔን አላየሽኝም” እንዳላት፤ አንዱንም ሳታስውብ ተናገረች። ስትጨርስ ነጠላዋን አስተካከለች።

ሁለቱ ደጋጎች ምርቃት ጠፋባቸው። አያ ጠሃ ከዘራውን መሬት ላይ ሲያሽከረክር ቆየ።

“እኔ ያን ቀን ዋርካው ሥር ነበርኩ” አለ። “ምያለሁ። እሱ አልምልም ሲል መጀመሪያ ሌባ ያልኩትም እኔ ነኝ።” ወደ ሙጂባ ዞረ። “ልጅ ልንጠይቅ ነበር የመጣነው። ከሱ በፊት አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።”

ሙጂባ ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቃዋለች! አሁን ሲመጣ ግን ልትቀበለው አልቻለችም። ውጫሌ መዝገብ ቤት ውስጥ ለቆረቆራት ነገር አሁን ስም አገኘችለት።

“የእኔን አውፍታ ምን ያደርግልዎታል አያ ጠሃ” አለች። “እናንተ ጎረቤት ናችሁ። እኔ በአንድ ቤት ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ኖሬ፣ አባዬ የት ነበርክ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ሌባ ነው ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነው። እኔም እንደናንተው ነበርኩ።”

ሂዳያ ከጓዳ ወጥታ እናቷን ያዘቻት። አያ ጠሃ ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሣ፤ ሲነሣም ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው ተነሡ።

“እንግዲያ ወደሱ እንሂዳ” አለ። “ሁላችንም።”

ሴት መቃብር አትሄድም የሚለውን ያን ቀን ማንም አላነሣም። ሙጂባ ከፊት፣ ተሾመች ከጎኗ፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ሆነው ሄዱ። የሂዳያና የባድሩ ነገር የተነሣው ከዚያ ሲመለሱ ነው።