ምርጊቱ ሳይደርቅ

ሥርጉት መምህር ተስፋሚካኤል ጥርስ ውስጥ የገባችው አምና ነው። ሰውዬው፣ ተማሪ ሳምንት ሙሉ ካርቶን ሲቆርጥና ሲያጣብቅ ከርሞ የሠራውን የቤት ሞዴል ሲያቀርብለት፣ ቁራጩን አንድ በአንድ በጣቱ እየነቀለ «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» ማለት ይወዳል። ተማሪው እስኪመልስ ቤቱ ተነቅሎ ያልቃል። ከሥርጉት ሞዴል አራት ምሰሶ ነቅሎ አምስተኛውን ሲይዝ፣ «ይሄስ እዚህ ምን ይሠራል?» አላት። አፏን መያዝ አቃታትና «እርስዎስ?» አለችው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሱ ፈገግም አላለ። ሰኔ ላይ ውጤት ሲለጠፍ ከስሟ ትይዩ ኤፍ ተቀምጦ አገኘችው።

ዘንድሮ ኮርሱን እየደገመች ነው። አሁንም ከወደቀች ከኮሌጁ ትሰናበታለች፤ የአራት ዓመት ድካሟን ውሃ በላው ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራው አባቷ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ አርክቴክት ልትሆን ነው ብሎ አውርቶ ጨርሷል። ስለዚህ ዘንድሮ አፏን ልትዘጋ ለራሷ ምላለች።

የኮርሱ ማጠቃለያ አንኮበር ላይ የሚካሄድ የአሥራ ሁለት ቀን ዎርክሾፕ ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ባለ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ በእንጨትና በጭቃ የልጆች ንባብ ቤት ይሠራል። አራት ተማሪ፣ አራት ግድግዳ። ማርኩም በግድግዳ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ የአገሬው ባለሙያ ተመደበለት፤ ለሥርጉት ገደሉን የሚያየው ግድግዳና ወይዘሮ ባፈና ደረሷት።

ባፈና ስድሳ ያለፋቸው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲመርጉ የኖሩ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ናቸው። ጭቃውን ጉድጓድ ውስጥ ከጭድ ጋር ያቦኩት ተማሪዎቹ ከመምጣታቸው ሁለት ሳምንት ቀድመው ነው። ሥርጉትን ከላይ እስከ ታች አይተዋት ሲያበቁ፣ «ጓንትሽን አውልቂና ግቢ። እርገጪ» አሏት። የአንኮበር ጠዋት ብርዱን ያሳረፈበት ጭቃ እግሯን አደነዘዘው፤ ሽታው አፍንጫዋን ሰነፈጣት። እሳቸው ጉድጓዱ አፋፍ ቆመው «ገና ነው» ይላሉ። ሥርጉት በሆዷ ረገመቻቸው። እሳቸውም ሳይወዷት ቀሩ፤ ይህን ለመደበቅም አልደከሙ።

ቋሚው ቆሞ፣ ማገሩ ታስሮ፣ የመጀመሪያው ምርጊት ከገባ በኋላ፣ በስምንተኛው ቀን ጠዋት ግድግዳው ዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቆ አገኘችው። ባፈና ግን ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያላቸው መሰሉ።

«ደግ ነው። ልስኑ የሚይዘው በዚህ ነው። በይ እንግዲህ ሦስት ሳምንት እንዳትነኪው።»

«እትዬ፣ አራት ቀን ነው የቀረን።»

«ታዲያ ለምን ጀመራችሁት?»

ሥርጉት ወደ ሌሎቹ ግድግዳዎች ተመለከተች። ፀሐይ የሚያገኘው የክፍል ጓደኞቿ የነኪሩቤል ግድግዳ ደርቆ ለልስን ደርሷል። የእሷን ግን በየቀኑ ከአሊዩ አምባ ቆላ የሚወጣው ጉም ስለሚያለብሰው፣ ላዩ ቢሰነጠቅም ውስጡ ገና ውሃ ነው።

መምህር ተስፋሚካኤል ከሰዓት በኋላ የማርክ መስጫውን ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ «ስንጥቅ የሌለው ገጽ፣ ሃያ ነጥብ» የሚል አለ።

«ይሄን ነው ለኮሌጁ ኃላፊዎች የማሳየው? ነገ ተለስኖ ላየው።»

«ውስጡ አልደረቀም፣ መምህር።»

«ዘንድሮም ልታስተምሪኝ ነው?»

ደሟ ፈላ፤ ግን ዋጠችው።

በማግስቱ ብቻዋን ለሰነች። ባፈና ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመው ያዩዋታል እንጂ እጃቸውን አልዘረጉም።

«እናንተ መኪናችሁ ላይ ወጥታችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ በዚህ ደጅ ነው ውሃ ስቀዳ የማልፈው። ሲፈርስ አገሬው የሚለው ባፈና የመረገችው ነው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ልባረር?»

«ተባረሪ።»

ሥርጉት ከዚህ በኋላ ቀና ብላ አላየቻቸውም። አመሻሽ ላይ ግድግዳው ለስልሶ፣ አምሮ ቆመ። ከአራቱም እሱ ያምር ነበር፤ ይህም አናደዳት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የኮሌጁ ኃላፊዎች መጡ። መምህር ተስፋሚካኤል ከግድግዳ ግድግዳ እየመራቸው ስለ አገር በቀል እውቀት ረጅም ንግግር አደረገ፤ አገር በቀሎቹ ከጓሮ ቆመው ያዳምጡታል። የሥርጉት ግድግዳ ዘንድ ደርሶ «ትዕግሥትን የተማርንበት» እያለ ሳለ፣ ከላይ በኩል አንድ ነገር ሸርተት አለ። ልስኑ ምርጊቱን ይዞት ወረደ። ግማሹ ግድግዳ እንግዶቹ እግር ሥር ተዘረገፈ፤ ማገሩ ራቁቱን ቀረ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ አንዱ ኃላፊ ጫማውን እያራገፈ።

መምህር ተስፋሚካኤል ዞር ብሎ ሥርጉትን አያት። ወረቀቱ በአንድ እጁ፣ እስክሪብቶው በሌላው ነው።

«ጭቃው ሳይቦካ ነው የተመረገው። ሴትዮዋ ናቸው ያጠፉት፣ አይደል ሥርጉት?»

ከእንግዶቹ በቀር ሁሉም እውነቱን ያውቃል። ኪሩቤል መሬት መሬት ያያል። እርስዎ ነዎት ያዘዙኝ ብትል ነገ ጓዟን ጠቅልላ አባቷ ቤት ናት። ተናገረች አልተናገረች፣ ግድግዳው እንደሆነ ፈርሷል። እንዲህ ብላ ራሷን አጽናናችና፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣

«አዎ» አለች። «እሳቸው ናቸው።»

እንግዶቹ ወደ ባፈና ዞሩ። «እውነት ነው እናቴ?» አለ ጫማው የቆሸሸው።

ባፈና እሱን አላዩትም። ሥርጉትን ብቻ አዩ፤ አስተያየታቸው ቁጣ እንኳ የሌለበት ንቀት ነበር። በደረቁ መሬት ላይ እንትፍ አሉ።

«ማርኳን ስጧትና ትሂድልኝ።»

መምህር ተስፋሚካኤል ቢ ጻፈላት፤ እንድታየውም ወረቀቱን አዘነበለላት። እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ባፈና ጎንበስ ብለው የተዘረገፈውን ጭቃ በእጃቸው እየዘገኑ ወደ ጉድጓዱ ይመልሱ ጀመር። የሥርጉት እግር የተማሪዎቹ መኪና ድረስ ሄዶ ተመለሰ። እጅጌዋን ሰብስባ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች፤ ጭቃውን ልታነሣ እጇን ሰደደች።

ባፈና እጇን በእጃቸው ጀርባ ገፉት።

«ተይው» አሉ። «አንቺ ጨርሰሻል።»