የ«ካልድራ» መሰላል

ኤዲልቤርቶ ቻሪስ መሰላሉን ገና ከሩቅ ሲያየው አልወደደውም።

የማግዳሌና ወንዝና ባሕሩ በሚላተሙበት በቦካስ ዴ ሴኒሳ፣ ከባሕር የሚመጡ መርከቦችን እየተቀበለ ወደ ባራንኪያ ወደብ የሚያስገባ ፓይለት ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። በትንሽ ጀልባ ሄዶ ከመርከቡ ጎን ይጠጋል፣ ወደ ታች የተለቀቀለትን የገመድ መሰላል ይዞ ይወጣል፣ ከዚያ ከካፒቴኑ አጠገብ ቆሞ «ግራ፣ ቀኝ፣ ቀስ» እያለ በወንዙ ሽቅብ ይመራዋል። ሰው የሚሞተው ግን ወንዙ ላይ አይደለም፤ መሰላሉ ላይ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ተረኛዋ ስንዴ የጫነች «ካልድራ» የምትባል መርከብ ነበረች። ወሩ የካቲት ስለነበር ነፋሱ ከነጋ ጀምሮ አልበረደም፤ ጀልባዋ እንደ ቡሽ ትነጥራለች። ነጂው ኡባልዶ ከመርከቧ ጎን አስጠግቶ ሲይዝለት ኤዲልቤርቶ አንገቱን ቀና አድርጎ ተመለከተ። የእንጨት መርገጫዎቹ ቀለም ተቀብተዋል። ይህ በደንቡ ክልክል ነው፤ ቀለም ስንጥቅ ይሸፍናል። አራተኛው መርገጫ ተጣምሞ በሲባጎ ታስሯል። የቀኙ ገመድ ደግሞ ላይኛው ጫፉ፣ ከመርከቧ ጠርዝ ጋር በሚፋተግበት በኩል፣ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተንጨፍርሯል።

«አየኸው ኡባልዶ?»

«አየሁት አለቃ። በዚህ ላይ ድመትም አላስወጣ።»

«አማትህንስ?»

«እሷንማ ትንሽ ላስብበት።»

ኤዲልቤርቶ ሳይስቅ ሬዲዮውን አነሣ። ከባሕር ዳር ከፓይለቶቹ ጣቢያ የምታነጋግረው ማርሌኔ ኦስፒኖ ናት፤ ፓይለት የምትመድበውም፣ መዝገቡን የምትይዘውም እሷ ናት።

«ማርሌኔ፣ ስሚኝ። በካልድራ መሰላል አልወጣም። ገመዱ አልቋል፣ መርገጫው ተሰብሯል። ሌላ መሰላል ያውርዱ። አለዚያ ለባሕር ሹሙ አመልክቺና ትታገድ።»

ማርሌኔ ካፒቴኑን ጠይቃ ተመለሰች።

«ዶን ኤዲ፣ ካፒቴኑ ሌላ የለኝም ይላል።»

«እንግዲያው ውጭ ይቆይ።»

«ደለሉ እየሞላ ነው እኮ። ከቀትር በኋላ የመግቢያው ጥልቀት አይበቃትም። የጣቢያው ዋና ኃላፊ እዚህ አጠገቤ ቆመዋል፣ እባክዎ...»

«ዋናው ይምጡና ይውጡበት። ደንቡ ፓይለት አልወጣም የማለት መብት አለው ይላል። አልወጣም ብያለሁ።»

መብቱስ እውነት አለ። አልወጣም ያለውን ማንም በግልጽ አይቀጣውም። በምትኩ ሌላ ሰው ይልካሉ እንጂ።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለተኛዋ ጀልባ ማዕበሉን እየሰነጠቀች መጣች። ከፊት ጫፏ ላይ እግሩን አንፈራጦ የቆመው ኔስቶር ባራሳ ነበር። ሆዱ የገፋ፣ ሳቁ ከሞተር ድምፅ በላይ የሚሰማ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። እሱና ኤዲልቤርቶ አንዳቸው የሌላውን ልጅ ክርስትና አንሥተዋል፤ በስም መጠራራት ከተዉ ቆይተዋል።

«አበልጄ!» አለ ኔስቶር በሬዲዮው። «ምን ነካህ? ጉልበትህ ነው ወይስ ልብህ?»

«ዓይኔ ነው። የቀኙን ገመድ እየው፣ ከላይ።»

«አየሁት። ከዚህ የባሰ ስንት ወጥተናል? ያ ባለፈው ዓመት የወጣንበት መሰላል ነበር እንዴ? ልብስ ማስጫ ነበር እኮ!»

«ኔስቶር፣ ቀልዱን ተወው። ሁለታችንም እምቢ ካልን የግድ ሌላ መሰላል ይፈልጋሉ። አንዳችን ከወጣን ግን አለቀ።»

ኔስቶር ሲመልስ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«በዚህ ወር ሁለቴ እምቢ ብያለሁ አበልጄ። ዋናው ጠርቶኝ ሦስተኛውን እንዳልሰማ አለኝ። ኑቢያ የካርኒቫል ልብሴን ሰፍታ ጨርሳለች፤ ሥራ ፈትቼ ልጨፍርላት?» ከዚያ እንደ ልማዱ ሳቀ። «በግራው ገመድ ተደግፌ ቀስ እላለሁ። አንተ ቁጭ ብለህ ጉልበትህን እሽ።»

ኤዲልቤርቶ «አትውጣ» አለው። ሁለተኛም አለው። ኔስቶር ግን ሬዲዮውን ደረቱ ላይ ሰክቶ ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ ባደረጋት ቅጽበት መሰላሉን ያዘ።

ዘጠኝ መርገጫ ወጣ። ኤዲልቤርቶ ይቆጥር ነበር። በዘጠነኛው ላይ የቀኙ ገመድ ተበጠሰ፤ መሰላሉም እንደሚከፈት በር ዞረ። ኔስቶር በግራ እጁ ብቻ ተንጠለጠለ። አልጮኸም። እግሩ መርገጫ ፍለጋ ሁለት ጊዜ የመርከቧን ብረት ደበደበ፤ ከዚያ እጁ ለቀቀ። በጀርባው የጀልባዋ የብረት አጥር ላይ ወድቆ፣ ከዚያ ተንሸራቶ በጀልባዋና በመርከቧ መካከል ገባ።

የጀልባዋ ሰዎች በሰደርያው ጎትተው አወጡት። «ይተነፍሳል! ይተነፍሳል!» የሚለው ጩኸት በሬዲዮ ተሰማ፤ ጀልባዋም ዞራ ወደ ባሕሩ ዳር ከነፈች። ጀልባዎቹ ወደሚያርፉበት ወደ ላስ ፍሎሬስ ከመድረሷ በፊት ያው ድምፅ «አይተነፍስም» አለ።

ኤዲልቤርቶ ሬዲዮውን እንደያዘ ቀረ። ኡባልዶ መስቀል አማተበ። በዚህ መሃል ሌላ ድምፅ ገባ፤ የመርከቧ ካፒቴን ነበር፤ ያረጀ ሰው ድምፅ።

«ፓይለት፣ እባክህን። ነፋሱ እየገፋን ነው፤ ጥልቁ ውኃ በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም። ሃያ ሁለት ሰው አለኝ።»

ውሸት አልነበረም። ካልድራ ጀልባዎቹን ከነፋስ ለመከለል ጎኗን ሰጥታ፣ ሞተሯን አብርዳ ቆማ ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደ ውኃው ሲያይ ማዕበሉ ማዕበል ለመስበር ባሕሩ ውስጥ ወደተሠራው የምዕራብ የድንጋይ ግንብ ወስዷታል። ግንቡ ከአራት መቶ ሜትር አይርቅም።

«ዶን ኤዲ» አለች ማርሌኔ እያለቀሰች፣ «ሌላ ሰው የለኝም። ሌላ ጀልባም የለኝም።»

ከዚያ ኡባልዶ ክንዱን ይዞ ወደ መርከቧ አሳየው። አሮጌው መሰላል ተነሥቷል። በቦታው ሌላ እየወረደ ነበር፤ መርገጫዎቹ ያልተቀቡ ንጹሕ እንጨት፣ ገመዱ አዲስ፣ የፋብሪካው ምልክት እንኳን ያልተነሣለት።

«ነበራቸው!» አለ ኡባልዶ። «ነበራቸው እኮ፣ እነዚህ ውሾች!»

ኤዲልቤርቶ ወጣ። ለምን እንደወጣ በኋላ ብዙ ሰው ጠይቆታል፤ ራሱም ራሱን ጠይቋል። ሃያ ሁለቱን ሰዎች አስቦ ይሁን፣ ወይ እግሩ ሃያ ስድስት ዓመት የለመደውን አድርጎ፣ አያውቅም። ካፒቴኑ ጋ ሲደርስ ሰላም ሳይለው «ሙሉ ኃይል ወደፊት፣ መሪውን ሙሉ ወደ ቀኝ» አለ። መርከቧ ተንቀጥቅጣ ከግንቡ ራቀች። ከዚያ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በወንዙ ሽቅብ መራት። ካፒቴኑ ውኃ አቀረበለት።

«ለምን ዋሽተህ ገደልኸው?» አለው ኤዲልቤርቶ፣ ዓይኑን ከወንዙ ሳያነሣ። «ሌላ የለኝም አልህ።»

«አዲሱ ለፍተሻ ነው» አለ ሽማግሌው። «አሮጌው እስኪያልቅ አዲሱን እንዳትነኩት ብሏል የመርከቧ ባለቤት። እኔ... ያ ገመድ አንድ ጉዞ ይችላል ብዬ ነበር።»

መርከቧ ወደቡ ላይ እንደቆመች አንድ የመርከቧ መኮንን የተለመደውን ቅጽ አመጣለት። ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የመርከቧ ጥልቀት፣ «የተሳፈሩበት መሰላል ሁኔታ»። ኤዲልቤርቶ ሐሳቡ ኔስቶር የተወሰደበት ሆስፒታል ጋ ነበር። የተሳፈረበት መሰላል ጥሩ ነበር፤ «ጥሩ» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ። የቀረውን ለተቆጣጣሪው በአፌ እነግረዋለሁ ብሎ ነበር።

ነገረውም። ከባሕር ሹሙ ቢሮ የመጣው ተቆጣጣሪ ሌአንድሮ ቪስባል ጉቦ የማይበላ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ መርከቧ ላይ ወጣ፤ አዲሱን መሰላል ከነምስክር ወረቀቱ አሳዩት። አሮጌውስ ሲል፣ ከዚህ ሌላ መሰላል ኖሮን አያውቅም አሉት። ሃያ ሁለቱም መርከበኞች ያንኑ ቃል ተናገሩ። ኡባልዶ መሰከረ፤ «ከሩቅ ነበርህ» ተባለ። የኔስቶር ጀልባ ነጂ ውኃው ዓይኔን ሸፍኖት ምንም አላየሁም አለ። የሬዲዮው መቅጃ ከታኅሣሥ ጀምሮ ተበላሽቶ ነበር። የቀረው የማርሌኔ መዝገብ ነው፤ እሱም «ፓይለት ቻሪስ በባሕሩ ሁኔታ ምክንያት አልወጣም» ይላል።

ኤዲልቤርቶ ጣቢያው ሄዶ መዝገቡን በጣቱ መታ።

«ገመድ ነው ያልሁሽ። ማዕበል የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል?»

«አልወጣም።»

«ታዲያ?»

«መሰላል ብዬ ከጻፍሁ ማገድ ግዴታ ነው። ዋናው እንደዚያ እንዳልጽፍ ከነገሩኝ ስድስት ዓመት ሆነ። ሁልጊዜ ባሕር ነው የምጽፈው ዶን ኤዲ። እርስዎ እምቢ ሲሉም፣ ኔስቶር ነፍሱን ይማረውና እሱ እምቢ ሲልም።»

«ይህን ለቪስባል ንገሪው።»

ማርሌኔ መዝገቡን ዘጋች። «ሦስት ልጆች አሉኝ» አለች።

ቪስባል በበኩሉ በር ላይ ቆሞ አነጋገረው፤ እንዲቀመጥ እንኳን አልጋበዘውም፣ አፍሮ።

«አምንዎታለሁ ዶን ኤዲልቤርቶ። ግን በምን ልያዛት? ያገኘሁት መሰላል ጥሩ ነው። ጥሩ ነው ብለው የፈረሙት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ የፈረምሁት ለወጣሁበት ነው!»

«ይገባኛል። ቅጹ ላይ ያለው ግን አንድ መሰላል ብቻ ነው።»

ካልድራ ስንዴዋን አራግፋ በአምስተኛው ቀን ወጣች። የካርኒቫሉ ቅዳሜ ስለነበር ከከተማው የሚመጣው የከበሮ ድምፅ እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር። የመራት ሌላ ፓይለት ነው።

ውሳኔው በግንቦት መጣ፤ «ሟቹ በአንድ ጎን ገመድ ብቻ ተደግፎ ሲወጣ እግሩ ስቶ ወድቋል» የሚል። ኤዲልቤርቶ ይግባኝ ጻፈ። መርከቧ ባንዲራውን ወደምታውለበልብለት አገር ቢሮም ጻፈ። ከዚያኛው መልስ አልመጣም። የይግባኙ መልስ አንድ ገጽ ሆኖ መጣ፤ ከጀርባው የራሱ ፊርማ ያለበት ቅጽ ቅጂ ተያይዟል። አንዱ ቅጂ ለሟች ቤተሰብ ተልኳል።

በዚያ እሑድ የኔስቶር ሚስት ኑቢያ አስጠራችው። በሩን የከፈተችለት ክርስትና ልጁ ነበረች፤ ሌላ ጊዜ አንገቱ ላይ የምትጠመጠመው ልጅ ዛሬ ጉንጩን ሳመችውና ወደ ጓዳ ገባች። ኑቢያ ማዕድ ቤት ተቀምጣ ጓንዱ የሚባል አረንጓዴ አተር ትፈለፍላለች። ወረቀቱ ከጎኗ አለ።

«ይህ ጽሑፍ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ጥሩ ነው ብለሃል።»

«የኔ መሰላል ኑቢያ። እሱ ከወደቀ በኋላ ያወረዱት። እሱን አትውጣ ብዬው ነበር፣ ሁለት ጊዜ።»

«ኡባልዶ ነግሮኛል።» ትንሽ ፈለፈለች። «የሱ ሬሳ ሳይደርቅ የገደለችውን መርከብ ወጥተህ አዳንሃት።»

«ሃያ ሁለት ሰው ነበረባት።»

«አውቃለሁ። ክፉ ሥራ ሠራህ አላልሁም።» ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ግን ልጄ ስታድግ ወረቀት ሲሰጧት የምታነበው የክርስትና አባቷን እጅ ጽሑፍ ነው። ምን ብዬ ልንገራት? አንተ ንገረኝ።»

መልሱን ግን አልጠበቀችም። ተነሥታ ከድስቱ ሾርባ ጨለፈች፣ ሳህኑን ፊቱ አስቀመጠች።

«ብላ» አለችው። «ብላና ሂድ።»

በላ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ አተሯን ትፈለፍላለች፤ ልጅቱ ከጓዳ አልወጣችም። ሲጨርስ ሳህኑን ራሱ አጠበ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ፤ ማንም ደግመህ ና አላለውም። ሰኞ ንጋት ላይ ተረኛ ነበር፤ ሦስት መርከቦች መግቢያው ላይ ይጠብቁ ነበር።