በሁዳዴ የቀበርሁት ሙጫ

ዶክተር ከተባልሁ ወዲህ ሞኝነቴም አብሮኝ ማዕረግ አግኝቷል። ድሮ ስሳሳት «ተሳሳተ» ይሉኝ ነበር፤ አሁን «ሙከራ ላይ ነው» ይሉኛል።

ሙከራዬ ውሃ የሚጠጣ ሙጫ ነው። ደርቆ ሲያዩት የባቄላ ክክ ይመስላል፤ ውሃ ሲነካው እያበጠ የክብደቱን መቶ እጥፍ ይይዛል። ከዘር ሥር ከቀበሩት ዝናብ ሲጠፋ ቀስ እያለ ሥሩን ያጠጣል። ከውጭ የሚመጣው ሙጫ የፕላስቲክ ዘመድ ስለሆነ አፈር ውስጥ አይበሰብስም። የኔው ግን ከፕሮቲን የተሠራ ነውና ይበሰብሳል። ፕሮቲኑን ያገኘሁት በቅበላ ሰሞን ከደብረ ታቦር ሥጋ ቤቶች ከለመንሁት አጥንት ነው። ቀቀልሁ፣ አጣራሁ፣ አደረቅሁ።

የምሞክርበት መሬት ሳጣ ጉና ሥር ያሉት አክስቴ ጌጤ ትዝ አሉኝ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። «ይጠቅማል ካልህማ» ብለው ለበልግ ድንች ካዘጋጁት ማሳ ግማሹን ከነዘሩ ሰጡኝ። ከየዘሩ ሥር አንዳንድ እፍኝ ሙጫ ቀበርሁና ተመስገን አልሁ።

የሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት ነበር። በሁዳዴ በዚያ አገር በግ አይታረድም። ሰዉ ወዶ ይጾማል፤ ውሻው ግን ማን ጠይቆት! ሦስት ሳምንት አጥንት ያላሸተተ ውሻ ቀዬውን ሞልቶት ሳለ እኔ ሊቁ አጥንት ቀብሬ ቁጭ አልሁ። ይህን እኮ ዶክተር ሳልሆን አውቀው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስንወጣ ማሳው ተቆፍሮ፣ ድንቹ ተበትኖ አገኘነው። የሰፈሩ ውሾች ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ ዳር ዳሩን ተጋድመዋል። ሙጫዬ በደንብ እንደሚያብጥ ያረጋገጥሁት በነሱ ሆድ ነው። አይዟችሁ፣ ከቀትር በኋላ ተነሥተው ሄደዋል።

ይህስ ባልከፋ። ጎረቤታችን አያ ይሻው አጥሩን ተደግፈው «ጌጤ፣ በሁዳዴ ምን አርደሽ ነው የቀበርሽው?» አሉ።

ክው አልሁ። አክስቴ በዕድሜያቸው አንድ ጾም ገድፈው አያውቁም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በማኅበሩም በሰፈሩም የሚከበሩት በዚህ ስማቸው ነው። ወሬው ሮጠ፣ ሰው ተሰበሰበ፤ የንስሐ አባታቸው አባ ሙላቴም ደረሱ።

«እውነት ነው?» አሏቸው፣ በክርስትና ስማቸው ጠርተው።

መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያለ ወረቀት የማስተምረው ሰውዬ አፌ ተለጎመ። ምክንያቱን አፍሬም ቢሆን ልንገራችሁ፤ የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» ብሎ ሲጠራኝ ደስ ይለኛል። ውሻ ያዋረደው ዶክተር መባልን ፈራሁ።

አክስቴ አዩኝ። ደህና አድርገው አዩኝ። ከዚያ ወደ አባ ሙላቴ ዞረው «አዎ አባ፣ እኔ ነኝ። ይፍቱኝ» አሉና ተንበረከኩ።

«ኧረ ውሸት ነው!» ብዬ ጮኽሁ። «ያረደ ሰው የለም! አጥንት ቀቅዬ የቀበርሁት እኔ ነኝ!»

ከዚያማ ማን ያቁመኝ! የሙጫውን ነገር ከሀ እስከ ፐ ዘረገፍሁት። አያ ይሻው በሳቅ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ወይ ጉድ! ውሻ አጥንት ቆፍሮ እንደሚያወጣ ለማወቅ ስንት ዓመት ተማርህ?»

አባ ሙላቴ እንኳ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸሸጉ። አክስቴን በእጃቸው ደግፈው አስነሡና መርቀው ሄዱ፤ ሰዉም እየሳቀ ተበተነ።

እኔና አክስቴ የተረፈውን ድንች መልቀም ያዝን።

«ለከርሞ ከግብጦ ነው የምሠራው፤ ግብጦም ፕሮቲን አለው፤ መራራ ስለሆነ ውሻ ዞር ብሎ አያየውም» አልሁ። እሳቸው ጎንበስ ብለው መልቀማቸውን ቀጠሉ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ደግሞም ተናግሬያለሁ እኮ።»

የተነከሰ ድንች በእጃቸው አገላብጠው አዩ።

«ተናግረሃል» አሉ። «ጉልበቴ መሬት እስኪነካ ጠብቀህ።»