መርዶ በመጀመሪያው ገጽ

በቡናው ሰሞን፣ ጅማ ውስጥ አልጋ ፍለጋ ጉግልን የጠየቀ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው የወይዘሮ ትርፌን መርዶ ነበር። ከመርዶው ሥር የፔንሲዮናቸው ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ አልጋዎቹ ግን ባዶ ናቸው።

ጥፋቱ የሩቲ አልነበረም። ያስተማረችው ግን እሷ ናት፤ ይህ ደግሞ በዚህ አገር ከጥፋት አይለይም።

ሩቲ ከደቡብ መጥተው ጅማ የሰፈሩ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ሥራ ስታጣ፣ ኮምፒዩተር ሲነካ ይፈነዳል ብለው የሚያምኑ ሁለት የአክስቷን ልጆች አባል አድርጋ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጀች። ቀበሌው በሰጣት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ለትንንሽ ነጋዴዎች ድረ ገጽ ትሠራለች። የአጋሮው ቡና ነጋዴ ከቡናው ይልቅ የእኔ ፎቶ ይተልቅ ይላል። የሸቤው ማር ሻጭ ገጹ ሲከፈት ዘፈን ካልጮኸ አልቀበልም ብሎ ወር ሙሉ አኩርፏል። ሩቲ ሲፈጥራት የተሰጣት ትዕግሥት ጥቂት ነበር፤ እሱንም በእነዚህ ሰዎች ላይ ጨርሳዋለች።

ከሁሉም የሚሻለው የሰቶ ሰመሮ ሰፈሩ ጋሼ ሣህሉ ነበር። የእናቱን የወይዘሮ ትርፌን ፔንሲዮን የሚያስተዳድር፣ አምሳን የዘለለ፣ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ባርኔጣውን የሚያወልቅ ዝምተኛ ነው። ሩቲ ድረ ገጹን ሠርታ ስታስረክበው የይለፍ ቃሉን ሰጠችው፤ ከዚያም ደጋግማ አስተማረችው።

"ጋሼ፣ ጉግል ዓይነ ስውር ነው ብለው ያስቡ። ፎቶ አያይም፤ የሚገባው ጽሑፍ ብቻ ነው። ሰው እንዲያገኘው የሚፈልጉትን ነገር የገጹ ርዕስ ላይ ይጻፉት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይድገሙት። ለፎቶውም ስም ያውጡለት። ከዚያ የሚያውቁት ሰው ሁሉ በየገጹ ወደ እርስዎ የሚያመጣ ሊንክ እንዲለጥፍልዎ ይለምኑ።"

"ልለምን?" አለ ሣህሉ። "በዚህ ዕድሜዬ?"

ዓመት ሙሉ አንዱንም አላደረገም። የገጹ ርዕስ "ዋና ገጽ" እንደተባለ ከረመ። የአልጋዎቹ ፎቶ ካሜራው የሰጠውን ቁጥር እንደተሸከመ ቀረ። ፔንሲዮኑም ከፍለጋው ውጤት ከኋላ ከኋላ፣ ሰው ተሳስቶ እንኳ በማይደርስበት ሰፈር ተደብቆ ኖረ።

ጥቅምት ላይ ወይዘሮ ትርፌ ሞቱ። ሣህሉ ለቅሶ ከመቀመጥ እንደተነሣ ባርኔጣውን አውልቆ ኮምፒዩተሩ ፊት ተሰየመና የተማረውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ፈጸመ። ርዕሱ ላይ "የጅማው ትርፌ ፔንሲዮን መሥራች ወይዘሮ ትርፌ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ" ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ደገመው። የአልጋዎቹን ፎቶ አንሥቶ የእናቱን ሰቀለ፤ ስምም አወጣለት። ሊንክ መለመን እንኳ አላስፈለገውም። ለአልጋ ጣቱን የማያነሣ አገር፣ ለለቅሶ ሲሆን ማን ይቀድመዋል? መምጣት ያልቻለ ዘመድ፣ የዕድሩ ወጣቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ገጽ፣ የመናኸሪያ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ለጠፉት። ያልለጠፈ ከለቅሶ እንደቀረ ይቆጠራል፤ የቀረ ደግሞ የራሱ ቀን ሲመጣ ይቀርበታል። ሩቲ ዓመት ለፍታ ያላገኘችውን አንደኛነት ወይዘሮ ትርፌ ሞተው በሳምንት አመጡላት።

ይህን ያወቀችው ለአንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ሥራዋን ልታሳይ ጉግል ላይ "ጅማ ፔንሲዮን" ብላ ስትጽፍ ነው። ነጋዴው መርዶውን አነበበና ራሱን ዝቅ አደረገ።

"ነፍስ ይማር።" ትንሽ አሰበ። "አንደኛ ነው የወጣው፣ አይደል?"

"አዎ።"

"እኔም ሸቤ አክስት አለችኝ፤ ከታመመች ሰነበተች። እንጠብቅ ወይስ አሁኑኑ እንጀምር?"

ሩቲ ላፕቶፑን ከድና ባጃጅ ያዘች።

ፔንሲዮኑ ግቢ ውስጥ ክፍሎቹን የምታጸዳው ዘሀራ አንሶላ ታሰጣ ነበር።

"አካም ሩቲ።"

"ደህና ነኝ። እንግዳ አለ እንዴ?"

"ወላሂ የለም። እጄ ሥራ እንዳይረሳ ብዬ ነው ማንም ያልተኛበትን የማጥበው። ሰሞኑ እንዲህ ካለፈ ጋሼ ቤቱን እሸጣለሁ ብሏል። ከነእኔ ይሁን ያለእኔ አልነገረኝም።"

ቀልድ አልነበረም። ያንን ቤት ዓመት የሚያሻግሩት ከጥቅምት እስከ ጥር የሚመጡት ቡና ገዢዎች፣ ቀማሾችና ሾፌሮች ናቸው።

ቢሮው ውስጥ የሣህሉ ታላቅ እህት እትዬ አበራሽ ጥቁሯን ለብሳ፣ ስልኩን እቅፏ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች። ሣህሉ ከኮምፒዩተሩ ኋላ ተደብቋል። ሩቲ አፏን ሳትከፍት ስልኩ ጮኸ።

"አቤት። አዎ፣ እናታችን ናት። አሜን፣ እናንተንም ያኑራችሁ።" አበራሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገች። "ማን ልበል? ለይኩን፣ ከቡና ድርጅቱ። አወቅኩህ፣ በየዓመቱ ሰዎችህን ይዘህ የምትመጣው። ኧረ ገብቶኛል፣ ለቅሶ ቤት አልጋ አይጠየቅም። ወልደሰማያት ጋ ሂዱ፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው፤ አልጋ ቤቱ ንጹሕ ነው። አበራሽ ልካን ነው በሉት።"

ዘጋችው።

"የሚደውለውን ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት?" አለች ሩቲ።

"ምን ልበል ታዲያ? እግዜር ያጽናችሁ ብሎ የደወለውን ሰው፣ አልጋው መቶ ምናምን ብር ነው ልበለው? ጨዋ ናቸው፤ ሐዘን ላይ ያለን ቤት ማስቸገር አይፈልጉም።"

"አቶ ወልደሰማያትስ ምን ይላሉ?"

"እሱማ ትናንት ጤፍ ላከ፣" አለ ሣህሉ ከኮምፒዩተሩ ኋላ። "ከዘመድ በላይ እያስተዛዘነን ነው።"

ሩቲ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እትዬ አበራሽ፣ መርዶውን ከመጀመሪያው ገጽ እናንሣው። አይጠፋም። ለእሳቸው የራሳቸውን ገጽ እሠራለሁ፤ ታሪካቸውም ፎቷቸውም እዚያ ይገባል። ፊት ላይ አልጋው፣ ዋጋው፣ ስልኩ ይመለስ።"

"እናቴን ወደ ጓሮ ልታዞሪያት ነው።"

"ወደ ራሳቸው ገጽ ነው።"

"አልጋው ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ይሄ ጓሮ ነው። እናንተ ጴንጤዎች ቀብራችሁ እየዘመራችሁ ትገባላችሁ። እኛ ሙት ዓመት አለን፤ እስከዚያ የሚነካው የለም።"

"ሙት ዓመቱ በምን ሊደገስ ነው? በቤቱ ሽያጭ?"

አበራሽ ወደ ወንድሟ ዞረች። "ይህን ለልጅቷ የነገራት ማነው?"

ሣህሉ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ አላነሣም። "አንደኛ ይውጡ አለችኝ፤ ወጣሁ፣" አለ።

"በመርዶ አላልኩም ጋሼ።"

"ሰው እንዲያገኘው የሚፈልጉትን ይጻፉ አልሽኝ። ያን ቀን ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።"

ሩቲ ብስጭቷን ዋጥ አድርጋ ወንበሯን ወደ አበራሽ አስጠጋች።

"አንድ ነገር ልጠይቅ፣" አለች። "አባታችሁ ሲሞቱ ወይዘሮ ትርፌ ቤቱን ዘግተውት ነበር?"

ከኮምፒዩተሩ ኋላ ሳል የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ሣህሉ እየሳቀ ነበር።

"ለለቀስተኛው አከራየችው፣" አለ። "ከአጋሮ፣ ከሸቤ ለመጣው ሁሉ። ቀን ድንኳን ውስጥ ታለቅሳለች፤ መሸት ሲል ቁልፍ ይዛ ሰውን በየክፍሉ ትደለድላለች። በግማሽ ዋጋ።"

"በሙሉ ዋጋ ነው፣" አለች አበራሽ ሳታስበው። "ግማሽ ለአማቴ ብቻ ነው፤ እሱም ያለ ቁርስ።"

ከአፏ እንዳመለጣት ወዲያው ገባት። አንሶላ ታቅፋ በሩ ላይ የቆመችው ዘሀራ ፊቷን በአንሶላው ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

"አማትሽ እስኪሞቱ አልረሱትም፣" አለ ሣህሉ።

"እንዴት ይረሱታል? ሲወጡ እማዬ አንሶላ ቆጥራባቸዋለች።"

አበራሽ ስልኩን እቅፏ ላይ አገላበጠችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

"አንሺው፣" አለች ሩቲን ሳታይ። "ፎቶዋ ግን ዋናው ገጽ ጥግ ላይ ይቅር፤ ትንሽም ይሁን። ማን እንደገባ ማን እንደወጣ እንድታይ።"

"ይቀራል።"

"ለይኩንን እኔው መልሼ እደውልለታለሁ።"

"ምን ይሉታል?"

"ወልደሰማያት ጋ ትኋን አለ እለዋለሁ።"

"አሁን ንጹሕ ነው አላልሽውም?" አለ ሣህሉ።

"አሁን ትዝ አለኝ።"

"ጤፉንስ እንመልስለት?"

"ለለቅሶ የመጣ አይመለስም።"

ሩቲ ላፕቶፑን ከፍታ የይለፍ ቃሉን መጻፍ ጀመረች። አበራሽ የእናቷ ስም ከርዕሱ ላይ ሲነሣ ቆማ ማየት አልፈለገችም። ስልኩን ይዛ በዘሀራ አጠገብ አልፋ ወጣችና በሩን ዘጋችው።