ዘጠኝ ይበቃል

"ባይሆን ጨርቅ ጣል አድርጊበት" አለ ወንድሟ፣ የኩሽናው በር ላይ ቆሞ በአንድ ዓይኑ ሳሎኑን እየጠበቀ። "ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ይህን ጉድ ይይ?"

"ይየዋ።"

ጉዱ ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሏል፤ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተገዛ የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን። ግንባሩ ላይ የፍሪጅ ጠጋኝ የግፊት መለኪያ ተተክሎበታል፤ መያዣው የመጥረቢያ እጀታ ቁራጭ ነው፤ የጎደለ እግሩን የጠርሙስ ክዳን ተክቶለታል። ወንድሟ ቢሮ ያለው ሰው ነው። አባታቸው የሞተው ከትናንት ወዲያ ቢሆንም፣ እሱ በዚህ ማሽን ማፈር ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ሳሎን ውስጥ ለቀስተኛው በሹክሹክታ ሟቹን ያነሳል። ሹክሹክታው ከግድግዳ ወዲያ እንዲሰማ ሆኖ የተመጠነ ነው።

"ወይ ዘጠኝ! ደግ ሰው ነበር።"

"ደግስ ደግ ነበር። ቡና ላይ ብቻ ትንሽ ነካ ያደርገው ነበር እንጂ።"

"ቡና በወርቅ ሚዛን የሚመዝን ሰው ምኑ ነው ትንሽ!" አለች አክስቷ፣ እንባዋን ሳታቋርጥ።

ዘጠኝ ሰፈሩ ለአባቷ ያወጣለት ስም ነው። ዕድሜ ልኩን ፍሪጅ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ማሽኑን ተሸክሞ ገባ። የመጀመሪያው ሲኒ መድኃኒት መድኃኒት አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ማሽኑን ይመልሳል፤ እሱ ሆዱን ከፈተው። ካርቶኑ "አሥራ አምስት ባር ግፊት!" እያለ ይፎክራል።

"አሥራ አምስት ለመኪና ማጠቢያ ነው" አላት፣ አንዲት ብሎን እያላላ። "ለቡና ዘጠኝ ይበቃል። ቡና ይገፋል እንጂ ይደበደባል እንዴ?"

የተረፈው ግፊት ውሃውን በቀጭን ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው እንዲመልሰው አደረገ። ቡሽ ላይ መርፌ ሰክቶ የተፈጨውን ቡና ጓል እንዳይቋጥር ያበጥርበት ጀመር። አንድም ቀን "ላስተምርሽ" ብሏት አያውቅም። "ባትሪውን ያዢልኝ" ብቻ ነበር የሚላት።

ሲሳካለት ማዶ ያለውን ባለ ካፌ ይጠራ ነበር፤ መኪና የሚያህል ማሽን ያለውን። "ናና የእኔን ቅመስ፤ ከዚያ ፍረድ!" ባለ ካፌው ሥራ በዛብኝ ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራ በዛበት።

ዛሬ ግን መጥቷል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከአክስቷ አጠገብ ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ ይህን ቤት የሚረግጥበት ምክንያት የለውም። አባቷ ነካ ያደረገው ሰው ነበር ወይስ ባለሙያ፣ የሚፈረደው በዚች በአንዲት ሲኒ ነው።

መዘነች። ፈጨች። አበጠረች፣ ጠቀጠቀች። ቁልፉን ስትጫነው ማሽኑ አጓራ፤ የመለኪያው ቀስት ዘጠኝን አልፎ አሥራ አራት ላይ ተገተረ። ቡናው እንደ ተቆጣ ሰው ምራቅ ተረጨ። ቀመሰችው፤ እሬት።

"ማን ነካው?"

ወንድሟ ክራቫቱን አስተካከለ። "ጠዋት ላጸዳው ብዬ ሳስነሳው ቱቦው ያፈስ ነበር። ሰው ፊት እንዳያዋርደን ብዬ ብሎኗን ጥብቅ አደረግኋት።"

"ስድስት ዓመት እንድታፈስ የተለፋባትን?"

"እኔ ምን ላውቅ!" ድምፁ ተሰበረ። "አንድ ቀን እንኳ ላግዘው ብዬ እኮ ነው..."

ልትሰድበው የተዘጋጀችውን ዋጠችው። ካቻቢቴ አነሳች።

"የማሽኑን ክዳን ያዝልኝ።"

ሩብ ዙር አላላች፤ ቡና አወረደች፣ ደፋች። እንደገና ሩብ ዙር፤ ደፋች። ሳሎን ውስጥ "እነዚህ ልጆች ቡናውን ሊዘሩት ነው እንዴ?" ተባለ። በሦስተኛው ቀስቱ ተንቀጥቅጦ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ቡናው ቀጥኖ፣ እንደ ማር እየተሳበ ወረደ። ከላዩ የነብር ቆዳ የመሰለ አረፋ ያዘ።

ራሷ ይዛለት ወጣች።

ባለ ካፌው አሸተተ። አክስቷ ስኳር ስታቀርብለት ሲኒውን በመዳፉ ከደነው። አንድ ጊዜ ፉት አለ። ሳሎኑም ሹክሹክታውን ረሳ። ቀሪውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ተነሳ፤ ባርኔጣው መሬት ወደቀ፤ አላነሳውም።

"ማሽኑ የት አለ?"

ኩሽና ገብቶ ማሽኑን ከመለኪያው እስከ ጠርሙስ ክዳኑ አየው።

"በዚህ ነው?"

"በዚህ ነው፣ ጋሼ።"

"ስድስት ዓመት... ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም።"

"እናውቃለን።"

"ፈርቼ ነው ልጄ። ይበልጠኛል ብዬ።"

"አባዬም እንደዚያ ነበር የሚለን።"

ሰውዬው ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ያን ጊዜ ጨርቅ ጣይበት ባዩ ወንድሟ ወደ ሳሎኑ ዞሮ፣ ለለቅሶ ቤት በማይመጥን ድምፅ "አባቴ ነው የሠራው! በገዛ እጁ!" አለ። አክስቷ "እኔም አንድ አምጡልኝ እስቲ" ስትል ተሰማች።

ባለ ካፌው ባዶ ሲኒውን ይዞ ወደ ማጠቢያው ሄደ።

"ይተዉት ጋሼ፣ እኔ አጥበዋለሁ።"

አልሰማትም። ካፌው ውስጥ ሃያ ዓመት ሲኒ አንስቶ የማያውቅ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ማጠብ ጀመረ። ሲኒው ከጸዳ ቆየ። ቧንቧውን ግን አልዘጋውም፤ ፊቱንም ወደ እነሱ አላዞረም። እሷም ማድረቂያውን ጨርቅ ይዛ አጠገቡ ቆመች፤ ይዝጉት አላለችውም።