ዝግ ያለው ቅጂ

የሙዚቃ አቀናባሪው ሚስተር ሃሎራን ሲዲውን ይዞ መንደራችን ሉካቹካይ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ በአዳራሹ ተሰብስበው የበግ መረቅ ይጠጡ ነበር። ሲዲው ላይ ባሌ ያወጣውን አንድ ዘፈን ሰማንያ ዘማሪዎችና አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ተጫውተውታል። ባሌ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። በእኛ በናቫሆዎች፣ በአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ዘንድ የሞተ ሰው ስም አይጠራም። ሃሎራን ግን በአክብሮት ደጋግሞ ይጠራዋል፤ በጠራው ቁጥር ሽማግሌዎቹ ወደ ሳህናቸው ያቀረቅራሉ።

ሲዲው ከመውጣቱ በፊት የእኔን ፈቃድ ፈለገ። ጨዋ ሰው ነው። ሽፋኑን ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ። «ፍጥነት፦ እጅግ ዝግ ያለ። ቅኝት፦ ዲ ማይነር። ስሜት፦ ጥልቅ ሐዘን።»

ደግሜ አነበብኩት። ያ ዘፈን ፒካፓችንን ደረቁ ወንዝ ውስጥ የከተትኩ ጊዜ ባሌ እኔን ለማብሸቅ ያወጣው የጭፈራ ዘፈን ነው። ሰው ሳያስቅ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። አሁን የማያውቁት ሰዎች አልቃሻ አድርገው ሊያስቀሩት ነው። ፈቃድ ላለመስጠት ወሰንኩ፤ ሳልሰማ እንዳልፈርድ ብቻ ተቀመጥኩ።

ሃሎራን ሲዲውን አዳራሹ ቴፕ ውስጥ ከተተው። መጀመሪያ ከባሌ ካሴት የተቀዳው ድምፅ መጣ፤ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ የመሰለ፣ ወፍራምና የደከመ። ከኋላው አንድ ነገር አጓራ። ሃሎራን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ የሸለቆው አውሬ መሆኑን፣ ለድባቡ ሲል ሆን ብሎ እንደተወው ነገረኝ። ከዚያ ዘማሪዎቹ በቋንቋችን፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ ቀጠሉ። «ውዴ ፒካፑን ወንዝ ጨመረችው፤ ግድ የለም፣ ትምጣ ብቻ፣ እኔ እገፋዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ለእንግዳው ሲሉ ራሳቸውን ያዙ። አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። የአክስቴ ልጅ ደልበርት ግን እንዲህ ያለው ነገር አያመልጠውም። በእኛ ወግ የአክስት ልጅ በሰው ፊት ቢያበሽቅሽ መቀየም የለም፤ ባያበሽቅሽ ነው የሚያስቀይመው።

«የአክስቴ ልጅ» አለኝ በቋንቋችን፣ «ያን ቀን እንዲህ ቀስ ብለሽ ነድተሽው ቢሆን ኖሮ ወንዙ ውስጥ ምን ያስገባሽ ነበር?»

አዳራሹ በሙሉ ሳቁን አፍኖ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። እኔም ሳቄን ላፍን ሻርፔን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ተንቀጠቀጥኩ። ሃሎራን ያለቀስን መስሎት ቴፑን አጠፋና መሐረብ አቀበለኝ። ሲቀረጽም ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ሁሉ አልቅሰው እንደነበር ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። አውሬው ውሻችን ፈንዲሻ መሆኗን፣ ከድመት እንደማትበልጥ፣ አሁንም ደጅ ፒካፑ ላይ ተኝታ እንዳለች ነገርኩት። ካሴቱን በምን እንደቀዳው ጠየቅሁት። የቤቱ መንፈስ እንዳይጠፋ ብሎ እዚያው ሆጋኑ፣ ከእንጨትና ከጭቃ በተሠራው ቤታችን ውስጥ፣ በባሌ በራሱ ቴፕ ነበር የቀዳው። ባሌ ደግሞ የእጅ ባትሪው ውስጥ አልሠራ ያለውን የደከመ ድንጋይ ወደ ቴፑ የማዛወር ልማድ ነበረው።

ሃሎራን የሲዲውን ጀርባ ደግሞ አነበበ። ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ቅኝቱም እንደወረደ ሳልነግረው ገባው። ኦርኬስትራውን እንደገና እንደሚሰበስብ ቃል ገባ። ትክክለኛውን ይሰማው ብዬ፣ ሊመልስልኝ ያመጣውን ካሴት በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዳራሹ ቴፕ ውስጥ እንዲከተው ነገርኩት።

ቀድማ ፈንዲሻ ጮኸች፤ በዚያች ቀጭን ድምጿ። ቀጥሎ እሱ ገባ። ፈጣን፣ ቀለል ያለ፣ እንደ ልማዱ ስንኙ ሲያልቅ ሳቁን አፍንጫው ውስጥ እያፈነ።

ማንም አልሳቀም። ደልበርት ወለሉን ያይ ነበር። እስከዚያ ድረስ የሰማነው ድምፅ የማንም አልነበረም፤ ይሄ ግን የእሱ ነበር። የሙታን ድምፅ በቤት አይቀመጥም ስለሚለው ወጋችን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ጥናት ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ።

ሁለተኛው ስንኝ ሳይጀምር አጠፋሁት፤ ካሴቱን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሃሎራን እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ስንት ቦታ ማስተካከል እንዳለበት ጠየቀኝ።

«እንዳለ ተወው» አልኩት።

«ፍጥነቱንም?»

«ፍጥነቱንም።»

«ሐዘኑ ግን ስህተት እኮ ነው። እርስዎ ራስዎ ነው የነገሩኝ።»

«እሱንም ተወው። ውሻዋን ብቻ አውሬ ነች አትበል፤ ፈንዲሻ ብለህ ጻፍ። እሷ በሕይወት አለች፣ ስሟ ይጠራል።»